የዘርፈሽዋል መጭመቂያ ለማን እንደሚሆን

በሥላሴ ስም እጀምራለሁ፤ በሥላሴ ስም የጀመረ ሰው ቃሉን አያጥፍም ብላ እናቴ አስተምራኛለችና።

ዛሬ ቅዳሜ ጥቅምት ፲፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ በሮማ ከተማ፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር በሚገኘው የሥራ ቤቴ ውስጥ፣ እኔ ሸዋንግዛው ወልደጊዮርጊስ ይህን ኑዛዜ በቃሌ እየተናገርሁ አስጽፌአለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም ገናን ስለማየቴ ዋስ እንደማይሆን ነግሮኛል። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። የሚጠራጠር ካለ ዓይኔን በጨርቅ ይሰርልኝና ከፊቴ ያለውን ብረት ከቡሎን እስከ ቡሎን እፈታለሁ፤ ፈትቼም እገጥማለሁ። ያስገደደኝ ሰው የለም። ሊያባብለኝ የሞከረ ግን አለ፤ በቦታው አነሣዋለሁ።

ምስክሮቼ አራት ናቸው። የንስሐ አባቴ ቄስ ቃለጽድቅ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባር ያለው ወዳጄ አቶ ረዳ፣ ጎረቤቴ አቶ ትስፋልደት፣ እንዲሁም ይህን የምትጽፈው ወይዘሮ ሄራን። ከምስክሮቹ ሌላ ልጄ አርሴማ አለች፤ የሥራ ጓደኛዬ ኣብሰሎም አለ፤ በአባት የምንገናኘው ወንድሜ ሎሬንዞም አለ። ሎሬንዞ አማርኛ ስለማይሰማ አርሴማ አጠገቡ ተቀምጣ ትተረጉምለታለች። ሄራን የሚባለውን ሁሉ እንድትጽፍ አዝዣለሁ፤ የሚያቋርጠኝ ሰው ቢኖር ማቋረጡም ይጻፍ።

ገና ከዚህ ሳላልፍ ሎሬንዞ አቋረጠኝ። «ኖታዮ፣ ውል አዋዋይ ሹም፣ የሌለበት ወረቀት በዚህ አገር ዋጋ የለውም» አለ። ይጻፍ። መልሴም ይጻፍ፦ ቤቱና ሱቁ ኖታዮ ዘንድ ሄደው፣ በጣልያንኛ ተጽፈው፣ ማኅተም ተመትቶባቸው አልቀዋል። እኔ አራት ሰው ያስቀመጥሁት ኖታዮ ሊገባው የማይችል ነገር ስለቀረኝ ነው። በአገሬ ወግ በአራት ምስክር ፊት የተነገረን ቃል የሚያፈርስ ሰው ወረቀቱን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያዋርደው።

አንደኛ። ስሞት ቀብሬ ፕሪማ ፖርታ ይሁን፣ ተራው ሰው በሚያርፍበት መሬት። ፍትሐቱን አባ ቃለጽድቅ ያድርሱልኝ። ለቅሶው ላይ «ደግ ሰው ነበር» የሚል ቢመጣ ስሙትና እለፉት፤ «ሥራውን ያውቅ ነበር» የሚል ቢመጣ ግን ወንበር ስጡት።

ሁለተኛ። ቤቱ የልጄ የአርሴማ ነው፤ የእናቷም የአንገት ወርቅ የእሷ ነው። አንድ ልጄ ስለሆነች ሌላ ምክንያት አላስጽፍም። ከሚያዝያ ጀምሮ «ኦስፒዳሌ ግባ» እያለች ነፍሴን በልታዋለች። ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ አልገባም።

«አባዬ፣ ዳይ፣ ተው እንጂ! እሱን ደግሞ ኑዛዜ ላይ ታስጽፋለህ?» አለች።

አስጽፋለሁ። ነገ «ብንወስደው ይድን ነበር» እያልሽ ራስሽን እንዳትቀጪ ነው። ሰው ከሚወደው ብረት አጠገብ መሞት ምርጫው ሊሆን ይችላል፤ የእኔ ምርጫ ነው።

ሦስተኛ። በግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩት አሮጌ የጥይት መሙያ መጭመቂያዎች ሁሉ፣ ከነብረት ማሰሪያ ሞርሳው፣ ከነመፍቻ ኪያቤው፣ ከነሞረዱ ለኣብሰሎም ይሁኑ። ስለ ምን እንደምናገር ለማያውቅ ምስክር ላስረዳ፤ አቶ ረዳ እስከ ዛሬ የፓስታ ማሽን ይመስሉታል።

ረዳ፣ «የለም፣ የድሮ የቡና ማሽን ነው የመሰሉኝ። ይኸው የሚጎተት እጀታ አላቸው» አለ።

አዳኝ ሲተኩስ ባሩዱ ይቃጠላል፣ አረሩ ይሄዳል፣ የናሱ ቀለህ ግን ይቀራል። ቀለሁ ከሙቀቱ የተነሣ አብጧል፤ በቂጡ ያለችው መለኮሻ ቆብም ተቃጥላለች። እሱን መልሶ ለሥራ የሚያበቃው መጭመቂያው ነው። ቀለሁን ፒስተኑ አናት ላይ ባለው መያዣ ትሰካዋለህ። እጀታውን ወደ ታች ስትጎትት ከሥር ያሉት ሁለት ክንዶች እንደ ጉልበት ከታጠፉበት ይዘረጋሉ፤ ሲዘረጉም ፒስተኑን ወደ ላይ ይገፉታል። ከላይ የጠነከረ የብረት ፎርማ ይጠብቀዋል። ያበጠው ናስ እዚያ ውስጥ ገብቶ ልኩን ይይዛል፤ በፎርማው መሐል ያለችው መርፌም የተቃጠለችውን ቆብ ነቅላ ትጥላለች። ክንዶቹ ሊቀኑ ጥቂት ሲቀራቸው የእጅ ጉልበት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሴትም ሽማግሌም ሊሠራበት ይችላል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ቋሚ አካል፣ ፒስተን፣ ክንድ፣ ፒንና እጀታ። ጠመንጃ አይደለም፤ አይተኩስም።

እኔ ሮማ ከገባሁ ወዲህ አንድም ጥይት ሞልቼ አላውቅም። በዚህ ቤት ባሩድ የለም። የእኔ እንጀራ አዳኞችና የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች የሚያመጡልኝን አሮጌ መጭመቂያ ፈትቶ ማጽዳት፣ ፒኑ የሚዞርበትን ያለቀ ቦሽላ መለወጥ፣ የላላውን ፒን መተካት ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ስመጣ ጣልያንኛ አላውቅም፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ሞርሳ ግን አውቅ ነበር፤ የአዲስ አበባ ጋራዥ የሚግባባው በእነዚህ ነውና። የመጀመሪያው አሠሪዬ አማርኛ እየተናገርሁ ጣልያንኛ የምናገር ይመስለው ነበር።

ኣብሰሎም ስደተኞች ከሰፈሩበት ከቪያ ኩርታቶኔው ሕንፃ ሰው ሁሉ እንዲወጣ በተደረገ ጊዜ ፍራሹን ተሸክሞ እዚህ መጣ። አንድ ሳምንት ብዬ አስጠጋሁት፤ ይኸው አለ። ምክሬን ስማ ኣብሰሎም። የላላ ሁሉ ያለቀ አይደለም፤ ቡሎን ከማጥበቅህ በፊት ፒኑን እይ። የአሮጌ ፒስተን ዝገት በአሸዋ ወረቀት አይነካም፤ ዘይት ቀብተህ ታገሠው። «ይህን የጠረጴዛ መብራት አድርግልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ በሩን አሳየው።

«ያሳየሁት ብዙ ነው፣ ጋሼ» አለ ኣብሰሎም።

አራተኛ። አሁን ሰው ሁሉ የተሰበሰበበት ጉዳይ ደረሰ። ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ የታሰረው ጥቁር መጭመቂያ፣ ከአዲስ አበባ ሰባራ ባቡር ሰፈር በጋቢ ጠቅልዬ ያመጣሁት፣ የማን ነው? ለማንስ ይሁን?

ሎሬንዞ «የአባቴ ነው» ይላል። የአባቱ ከሆነ እኔ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለሁም፤ ለማንም ልሰጠው አልችልም። የእናቴ ከሆነ ግን ወራሿ እኔ ብቻ ነኝ፤ የምሰጠውም እኔ ነኝ። ክርክሩ ይህ ነው።

አባታችን ኤሚሊዮ ከጦርነቱ በኋላ አገራችን ከቀሩት ጣልያኖች አንዱ ነበር። ሰባራ ባቡር ላይ የጠመንጃ ማደሻና የአዳኝ ጥይት መሙያ ሱቅ ከፈተ። መጭመቂያውን የገዛው እሱ ነው፤ አልክድም። እናቴን ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ወልደጊዮርጊስን አገባሁ ያለው በሰማንያም በቁርባንም ሳይሆን በአፉ ነበር። እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ «እመለሳለሁ» ብሎ ሮማ ሄደ፤ እዚህ አገባ፣ ሎሬንዞን ወለደ። ስሙን ለእኔ አልሰጠኝም፤ ስለዚህ በእናቴ አባት ስም እጠራለሁ። የሄደ ዕለት ሱቁ ውስጥ ቆሞ እናቴን «መጭመቂያውን ያዥው፤ የልፋትሽ ነው» አላት። ይህን የሰማሁት እኔ ነኝ። እሱም እሷም ሞተዋል።

ሎሬንዞ ይህን ሲሰማ እንዲህ አለ፦ «አባባ ለእኔ የነገረኝ ሌላ ነው። ያንን ሁሉ ጥይት በገዛ እጁ እንደሞላ፣ መጭመቂያውንም ለእናትህ በአደራ እንደተወላት ነው የነገረኝ። በልጅነቴ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር የሚያወራልኝ። አንተን ልመን ወይስ አባቴን?»

ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም ብሆን አባቴን ነበር የማምነው።

አሁን ያባበለኝን ነገር ላስጽፍ። ባለፈው ፋሲካ ሎሬንዞ ኮሎምባ ኬክ ይዞ እዚህ መጣ። «የኤሚሊዮ ልጅ መሆንህን አቭቮካቶ፣ ጠበቃ፣ ይዘን ሄደን እናስመዝግብ፤ የቤተሰባችን ስም ይሰጥህ። ቬራኖ ባለው የቤተሰቡ መቃብርም ከአባባ ጎን ቦታ አለህ። መጭመቂያው ግን በአባባ ስም ይቀመጥ፤ የሰብሳቢዎች ትርኢት ላይ የናስ ሰሌዳ አድርጌ አቀርበዋለሁ» አለኝ። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈውንም ነገረኝ፦ ኤሚሊዮ፣ አዲስ አበባ፣ በእጁ የሠራበት።

ወገኖቼ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ያንን ስም ዕድሜዬን ሙሉ ፈልጌዋለሁ። በኩዌስቱራ የመኖሪያ ፈቃድ ወረፋ ላይ ስቆም ፈልጌዋለሁ፤ ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ፈልጌዋለሁ። ሎሬንዞ ከሄደ በኋላ ለሳምንታት ሥራ መሥራት አቃተኝ።

እዚህ ላይ አባ ቃለጽድቅ ተናገሩ። «ልጄ ሸዋንግዛው፣ ወንድምህ እጁን ዘርግቶልሃል። ብረት ስጥና ወንድም ውሰድ። ሰው በዚህ ሰዓት ይታረቃል እንጂ አይሟገትም።»

አባ፣ እርቅ እወዳለሁ። ግን እውነቱ ሳይወጣ የታረቅሁ እንደሆነ የተበደለችው እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ እዚህ ተገኝታ «ይቅር ብያለሁ» ልትል አትችልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ለማደር ጊዜ የለኝም። ስለዚህ ብረቱ ይመስክር። ኣብሰሎም፣ ፍታው።

ኣብሰሎም በምስክሮቹ ፊት መጭመቂያውን ፈታ። በመጀመሪያ እጀታውን ነቀለ፤ ቀጥሎ ሁለቱን ክንዶች የሚያያይዙትን ፒኖች በመዶሻ ቀስ እያለ አወጣቸው፤ በመጨረሻ ፒስተኑን ወደ ታች ሳበው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ ሁሉም ተራ በተራ ተቀመጠ። ጋዜጣው ላይ ጥቁር ዘይት ፈሰሰ፤ ሄራንም ወረቀቷን አሸሸች።

ሎሬንዞ አዳኝ ነው፤ ፈቃድ አለው፤ ቤቱ ሁለት መጭመቂያ አለው። ይህን ዕቃ ከእኔ ባላነሰ ያውቀዋል። ስለዚህ መርማሪው እሱ ራሱ ይሁን አልሁ። መነጽሩን አደረገና ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። እኔ ስጠይቅ እሱ ሲመልስ የተባባልነውን አርሴማ ተርጉማ እንዲህ ተጻፈ።

«ጣትህን ፒስተኑ የሚሄድበት ቀዳዳ ውስጥ አስገባ። ክብ ነው?»

«አይደለም። ተበልቷል፤ እንቁላል መስሏል።»

«በየት በኩል ነው የተበላው?»

ጣቱን አዟዟረ። «በግራ። ፒኖቹም ያለቁት በግራ በኩል ነው።»

«እጀታው በቀኝም በግራም ሊሰካ ይችላል። ሁለቱን መሰኪያዎች እይ።»

ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ፤ ቆየም። «የግራው ጥርሱ አልቋል። ሁለት ጊዜ እንደገና ተቆርጧል። የቀኙ… የቀኙ አዲስ ነው ማለት ይቻላል።»

«ይህን ያህል ለመብላት ስንት ጊዜ መጎተት አለበት?»

«ሊቆጠር የሚችል አይደለም። የብዙ ዓመት ሥራ ነው።»

«አባትህ በየትኛው እጁ ነበር የሚሠራው?»

ሎሬንዞ ብረቱን ጋዜጣው ላይ አስቀመጠና መነጽሩን አወለቀ።  ሳይሸሽግም ተናገረ፤ ለዚህም አከብረዋለሁ። «በቀኝ። አባባ በግራ እጁ ማንኪያ እንኳ አይዝም ነበር» አለ። ቀጥሎም ጠየቀኝ፦ «እናትህ ግራኝ ነበሩ?»

አልነበረችም። ይህን ለእሱም ለአርሴማም ላስረዳ፤ ልጄም ብትሆን አታውቀውም። እናቴ በቀኝ እጇ ታማትባለች፣ በቀኝ እጇ ትጎርሳለች፣ በቀኝ እጇ ልጇን ታጎርሳለች። «በማማትብበት እጅ ባሩድ አልነካም» ብላ ከመጀመሪያው ቀን ወሰነች። እጀታውን ወደ ግራ አዞረችው፤ ቀለህ መሰካቱን፣ ቆብ ማስገባቱን፣ መጎተቱን ሁሉ ግራ እጇን አስተማረችው። መጀመሪያ ላይ ጣቷን ብዙ ጊዜ ቀጥቅጣዋለች። ኤሚሊዮ ከፊት ለፊት ከአዳኞች ጋር ተቀምጦ ይጫወታል፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ትጎትታለች። አዳኞቹም «የኤሚሊዮ ጥይት አይከሽፍም» ይሉ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላም አብዮቱ መጥቶ መሣሪያ ሁሉ ይመዝገብ እስኪባል ድረስ ያሳደገችኝ በዚያ ግራ እጇ ነው።

አባ ቃለጽድቅ፣ «ይህች ሴት የት ነው ያረፈችው?» ብለው ጠየቁ። አዲስ አበባ፣ ዮሴፍ። «በጸሎት አስባታለሁ» አሉ። ስለ ብረቱና ስለ ወንድም የተናገሩትንም ሳቡት፤ ይጻፍልኝ ስላሉ ተጽፏል።

ሎሬንዞ ወንበሩ ላይ ተመለሰና፣ «መጭመቂያው የእሳቸው ነው፤ አልከራከርም። ስሙስ? ስሙን አሁንም ልሰጥህ ፈቃደኛ ነኝ። በምንም ሳንለዋወጥ» አለኝ።

ይህን አልጠበቅሁም። ውኃ ጠጥቼ ነው የመለስሁለት። ሎሬንዞ፣ አመሰግንሃለሁ፤ አልወስድም። መቃብሩንም አልወስድም። ሰባራ ባቡር ልጅ ሳለሁ የሠፈሩ ሰው «የሴት ልጅ» ብሎ ይሰድበኝ ነበር። በእኛ አገር ይህ አባት የሌለው፣ ሥርዓት ያላስተማሩት ማለት ነው፤ ከዚህ የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። እኔም ስድቡን ያነጻልኛል ብዬ የአባትህን ስም ሳሳድድ ኖርሁ። ዛሬ ይህ ብረት ተፈትቶ ሳየው ስድቡ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ሴት ናት ያሳደገችኝ። ምን አጎደለችብኝ? ፒስተን በልታ፣ ፒን ጨርሳ አሳድጋኛለች። እንግዲህ የምነጻው እድፍ የለብኝም።

ስለዚህ በእናቴ ወራሽነት፣ ማንንም ሳልፈራ፣ መጭመቂያውን ለሎሬንዞ ሰጥቻለሁ።

አርሴማ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ማ ኮሜ! እንዴት ሆኖ! አባዬ፣ አሁን የእሷ መሆኑን አስመስክረህ መልሰህ ለእሱ? ለእነሱ?»

ተቀመጪ ልጄ። አንቺ ብትወስጂው ምድር ቤት ካንቲና ውስጥ ነው የሚገባው፤ ራስሽ ብለሽኛል። ኣብሰሎምም ሞልቶታል። ሎሬንዞ ዘይት ይቀባዋል፤ በእሱ ዘንድ ይሠራል። ደግሞ ልዩነቱን አስተውዪ። ውርስ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ነፍሴ እስክትወጣ እከለክለው ነበር። አሁን የሚወስደው ግን ከአባቱ አይደለም፤ አባቱ መጋረጃ ጀርባ ካስቀመጣት ሴት እጅ በስጦታ ነው። ይህን ተሸክሞ ቤቱ ይግባ።

ግዴታዎቹ ሁለት ናቸው። የናሱ ሰሌዳ «ዘርፈሽዋል ወልደጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ፣ በእጇ የሠራችበት» ይበል፤ የኤሚሊዮ ስም አይግባበት። እጀታውም በግራ ይቆይ። ወደ ቀኝ ያዞረው ዕለት ስጦታው ይፈርሳል፤ ኣብሰሎም ሄዶ ያመጣዋል።

«ኪያቤ ይዤ ነው የምሄደው» አለ ኣብሰሎም።

ሎሬንዞ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ብረት አየ። እናቱ በሕይወት ሳለች ይህች ሴት በቤታቸው በስሟ ተጠርታ እንደማታውቅ፣ ስሟንም ዛሬ መስማቱ እንደሆነ ለአርሴማ ነገራት። ከዚያም፣ «ቫ ቤኔ፣ እሺ። ስማቸው እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለ። አርሴማ ዓይኗን ጠርጋ በላቲን ፊደል ጻፈችለት። እሱም እያየ፣ ፊደል በፊደል፣ ከዚህ በታች በገዛ እጁ ጻፈው።

አምስተኛና የመጨረሻ። ይህን ቃሌን የሚቃወም ካለ እኔ በቁሜ ሳለሁ ይምጣ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ምላሴም አልደከመም።

ይህ ኑዛዜ ከዳር እስከ ዳር ጮክ ተብሎ ተነበበ። አራቱም ምስክሮች እንደተናገርሁት መጻፉን አረጋግጠው ፈረሙ።

ቄስ ቃለጽድቅ፣ ምስክር።

ረዳ፣ ምስክር።

ትስፋልደት፣ ምስክር።

ሄራን፣ ጸሐፊና ምስክር።

ሎሬንዞ፤ «ከወይዘሮ ዘርፈሽዋል ወልደጊዮርጊስ በስጦታ ተቀብያለሁ።»

የተናዛዡ ፊርማ ሲደርስ ወይዘሮ ሄራን ብዕሩን ያዝ አድርጋ፣ «ጋሽ ሸዋንግዛው፣ የጻፉት ስም ከመታወቂያዎ፣ ከካርታ ዲዴንቲታዎ ጋር አይገጥምም። ላስተካክለው?» ብላ ጠየቀች። አይነካ አልኋት፤ ትክክል ነው።

ተናዛዥ፣ የሴት ልጅ፣ ሸዋንግዛው ዘርፈሽዋል።